ዩኒቨርሲቲ ለምትገባው ልጄ

ልጄ፣ ዶርም በገባህበት ማታ «አገርህ የት ነው?» መባልህ አይቀርም። ከመሄድህ በፊት እነዚህን ያዝልኝ።

1. ጥያቄውን አትፍራ፤ ጠያቂውን ግን ልብ በል። አብዛኛው ሰው ወሬ ለመጀመር ነው የሚጠይቅህ፤ የሚያውቀውን ከተማ ወይም የቀመሰውን ምግብ ሊያነሳልህ። በደስታ መልስለት። ስምህን ሳይጠይቅ ብሔርህን የሚጠይቅህ ሲገጥምህ ግን ቶሎ ልብህን አትክፈትለት።

2. ብሔርን ከዘር ጋር አታደባልቅ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39 አውጥተህ አንብብ። ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ለሚባሉት ለሦስቱም የሰጠው ትርጉም አንድ ነው፤ ባህልን፣ መግባቢያ ቋንቋን፣ የሥነ ልቦና አንድነትን፣ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር መኖርንና «የተዛመደ ሕልውና አለን» ብሎ ማመንን ይጠቅሳል። ደም የሚል ቃል የለበትም። የመንደር ወሬው ግን ሁልጊዜ ደም ደም ይላል፤ ብዙ ሰው ያለቀውም በዚህ ነው።

3. የስልጤን ነገር አጥና። ስልጤ ለረጅም ጊዜ ከጉራጌ ጋር ይቆጠር ነበር። የቋንቋ አጥኚዎች ስልጥኛን ከሐረሪና ከዛይ ጋር ያዛምዱታል፤ ሕዝቡም በአብዛኛው ሙስሊም ነው። ደግሞ እንሰቱን፣ ገበያውን፣ አዲስ አበባ ወጥቶ መነገዱን ከጉራጌ ጋር ይጋራዋል። ታዲያ ማን ይፍረድ? በአንዱ ወገን ያሉት «አንድ ነን»፣ በሌላው ያሉት «ራሳችንን የቻልን ነን» ብለው ብዙ ተከራከሩ፤ ጉዳዩም ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የተጠየቀው ሕዝቡ ራሱ ነው። በ1993 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጠው ሰው በከፍተኛ ብልጫ «ስልጤ ነን» አለ። በማግሥቱ የማንም ደም አልተለወጠም፤ እንሰቱም ጎረቤቱም ያው ነበር። ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም በመንግሥት መዝገብ ገባ፣ ወራቤም የስልጤ ዞን ከተማ ሆነች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የስልጤም የጉራጌም ዞኖች በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ለሰው ማንነቱን አንተ አትንገረው፤ ይንገርህ።

4. አባቷ ወላይታ፣ እናቷ ኦሮሞ የሆነች ልጅ ቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ስትሄድ ጸሐፊው ብሔር ከሚለው ክፍት ቦታ ላይ ብዕሩን አሳርፎ «አንዱን በይ» ይላት ነበር። ዝም ካለች የአባቷን ይጽፍላት ነበር። እናት እንዲያ በአንድ መስመር ስትጠፋ ያንገበግበኛል። ፋይዳ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል ቦታ የለም፤ ለእኔ ደግ ነገር ነው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ጓደኛ ካለህ ምረጥ ብለህ አታስጨንቀው።

5. «እነሱ» ብሎ የሚጀምር ወሬ ላይ አትቆይ።

6. በቋንቋዬ ተሳቀብኝ፣ ስሜን አስለወጡኝ የሚልህ ሲኖር «ሁላችንም ኢትዮጵያውያን ነን» ብለህ አፉን አታስይዘው። እንዲህ ያለውን ቅሬታ በጽሑፍ ያነሳው ዋለልኝ መኮንን የወሎ ልጅ ነበር። ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ግቢ ተማሪ ሳለ፣ በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ አገር አነጋገረ፤ ዛሬም እየተመሰገነም እየተረገመም አለ። እኔ ብዙ ቦታ ላይ አልስማማበትም። አንተ ግን ከሚያወድሱትም ከሚረግሙትም አፍ አትስማው፣ ራስህ አንብበው። ያነሳው ቅሬታ የእውነተኛ ሰዎች ቅሬታ ነበር።

7. የዶርም ጓደኛህ ከእናቱ ጋር በቋንቋው ስልክ ሲያወራ «እኔን እያማኝ ይሆን?» አትበል። ስልኩን ሲጨርስ፣ እናትን እንዴት ሰላም እንደሚሉ አስጠናኝ በለው። እናቱ በሚቀጥለው ስትደውል አንተም ሰላም በላት።