መኪና ስለሚሸከም ሐይቅ

በውኃ ላይ በመኪና መሄድ ይቻላል ብሎ በሰፈራችን የሚናገር ሰው ቢኖር ፀሐይ መትቶታል ይባላል። ነገር ግን በሰሜን በኩል ባሉ አገሮች በየዓመቱ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ሰዎች መኪናቸውን ከሐይቅ ዳር አንሥተው እስከ ሐይቁ መካከል ይነዳሉ፤ በዚያም ትንንሽ ቤት ተክለው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ልጆቻቸውም ይጫወታሉ። ውድ አንባብያን፥ ይህ ጽሑፍ ሐይቅ ይህን ሁሉ ስለ ምን እንደሚሸከም፥ መቼስ አልሸከምም እንደሚል ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርእሱን ያስመረጠኝ ምክንያት በአንዋር መስጊድ ሰፈር ዘመዱን ወደ ብርድ አገር ያልላከ ቤት ጥቂት መሆኑ ነው። አንዱ ካናዳ፥ አንዱ ስዊድን፥ አንዱ ኖርዌይ አለ። የአክስቴም ልጅ ሚነሶታ በሚባለው የአሜሪካ ክፍል ከተቀመጠ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ጥር በሐይቅ ላይ የቆመች መኪናውን ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ ቢልክ፥ አክስቴ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እርሱ ግን «እማዬ አይዞሽ፥ እዚህ ሁሉም ይነዳል» ከማለት በቀር ምክንያቱን ሊያስረዳቸው አልቻለም። ሁሉም ይነዳል ማለት ለእናት የሚበቃ መልስ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ስለ ቃላችን ጥቂት እናገራለሁ። እኛ ክረምት ስንል ዝናቡንና የመርካቶን ጭቃ ማለታችን ነው። የሰሜን ሰዎች ክረምት የሚሉት ግን ፀሐይ የምትርቅበትን፥ ቀኑም የሚያጥርበትን ወራት ስለሆነ ከእኛ በጋ ጋር ይገጥማል። የእኛም ጽኑ ብርድ ቢሆን የሚመጣው በበጋ ነው። በክረምት ደመናው ሌሊቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር በቀን ያገኘችውን ሙቀት በሌሊት ትበትነዋለች። በታኅሣሥ ለሱብሒ ሶላት ተነሥቶ በቧንቧ ውኃ ውዱእ ያደረገ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ደግሞም እንደ ጠጠር የሚወርደውን፥ እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርደውን፥ ውኃው ራሱ ደርቆ የሚሆነውንም በአንድ ቃል በረዶ እንላለን። ግዕዝ በረድ፥ ሐመዳ፥ አስሐትያ እያለ ይለያል፤ ዐረብኛም በረድንና ሠልጅን ይለያል። እኔም እንዳንደናገር እንደ ጥጥ የሚወርደውን አመዳይ፥ ውኃው ደርቆ የሚሆነውን ግግር እያልሁ እጽፋለሁ።

ይህ ነገር ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። ስሙ ያልታወቀ አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ ባቆመው የግሪክኛ ጽሑፍ፥ ወደ ስሜን ተራሮች በዘመተ ጊዜ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት አመዳይ እንዳገኘ ተናግሯል። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው መንገደኛ ጽሑፉን ገልብጦ ባያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ አናውቀውም ነበር። አሁንም ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሸን አመዳይ አንዳንድ ጊዜ ይታያል፤ በደብረ ብርሃንና በመንዝም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከዜሮ በታች እየወረደ ሣሩን በውርጭ ያነጣዋል፤ የገበሬውንም ሰብል ያቃጥላል። ታዲያ ብርዱ ካለ ሐይቆቻችን ስለ ምን ግግር አይሆኑም? ጣና በ1800 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ ቆላ ቢጤ ነው እንበል፤ ወደ 2900 ሜትር ከፍታ የሚጠጋው ወንጪስ?

መልሱ ውኃ በሚበርድበት መንገድ ላይ ነው። የሐይቁ ፊት ሲበርድ ከሥሩ ካለው ይልቅ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰጥማል፤ በምትኩም ሞቅ ያለው ይወጣል። ይህ መውጣትና መውረድ ሐይቁ ከላይ እስከ ታች 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ድረስ አይቆምም። እንግዲህ አንዲት ስንጥር ግግር ከመታየቷ በፊት የሐይቁ ውኃ በሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህም የብዙ ሳምንታት ሥራ ነው። የእኛ ውርጭ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነግሦ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ይሸሻል። በደጋ ሜዳ ያቆረ ኩሬ ዳር ዳሩን ስስ ግግር ቢይዝ እንኳ ረፋድ ላይ አይገኝም።

ከ4 ዲግሪ በታች ውኃ ጠባዩን ይለውጣል። እየበረደ ሲሄድ መክበዱን ትቶ መቅለል ይጀምራልና ከላይ ይቀራል፤ ዜሮ ሲደርስም ግግር ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1000 ኪሎ ሲመዝን አንድ ሜትር ኩብ ግግር 917 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ይህ ጠባይ ብርቅ መሆኑን ለመረዳት እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ መመልከት ይበቃል፤ ያልቀለጠው ጓል በቀለጠው ውስጥ ወደ ድስቱ ሥር ይሰጥማል እንጂ አይንሳፈፍም። ሰምም እንዲሁ ነው። ውኃ እንደ ቅቤ ቢሆን ኖሮ ግግሩ ከሥር እየተከማቸ ሐይቁን እስከ ላይ በሞላው፥ ዓሣውንም በጨረሰው ነበር። እንደ እውነቱ ግን ግግሩ ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣል፤ በክዳኑ ሥር ያለውም ውኃ ከዜሮ በላይ ስለሆነ ዓሣው ክረምቱን በሰላም ያሳልፋል። ከነገርኋቸው ሁሉ አክስቴን ያሳመናቸው ይህ የቅቤ ነገር ነው።

ክዳኑ ሲወፍር ራሱ ውኃውን ከብርዱ ይጋርደዋል። ስለዚህ ውፍረቱ እጥፍ እንዲሆን አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በአንድ ሳምንት 10 ሳንቲሜትር የሆነ ግግር ብርዱ በአንድ ልክ ቢቀጥል 20 ሳንቲሜትር የሚሆነው በአራት ሳምንት ገደማ ነው። አመዳይ ሲወርድበት ደግሞ ሰዎች ብርዱ የጨመረ ይመስላቸዋል፤ ለግግሩ ግን አመዳይ ብርድ ልብስ ነው፤ እድገቱን ያዘገየዋል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ፤ ስንት ቢወፍር ስንት ይሸከማል? ሠላሳ ሳንቲሜትር የወፈረ ግግር በአንድ ሜትር ካሬ 275 ኪሎ ይመዝናል። ይኸው አንድ ሜትር ካሬ እስከ አፉ ቢሰጥም 300 ኪሎ ውኃ ይገፋል። እንግዲህ በአርኪሜዴስ ሕግ መሠረት ከራሱ ክብደት ሌላ 25 ኪሎ ሊሸከም ይችላል ማለት ነው። አንዲት የቤት መኪና 1500 ኪሎ ብትመዝን 60 ሜትር ካሬ ግግር ይበቃታል፤ ይህም 8 ሜትር በ8 ሜትር ከሆነ የመማሪያ ክፍል ወለል ያነሰ ነው። ሐይቁ ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን ብዙ ሺ ክፍል ነው። ግግሩ በመኪናው ሥር ጥቂት ይጎብጣል፤ ክብደቱንም ዙሪያውን ላለው ሁሉ ያካፍለዋል። መኪናውን በመጨረሻ የሚሸከመው ውኃው ነው፤ የግግሩ ሥራ ሸክሙን ማከፋፈል ነው። ይህን ለማድረግ ግን ሲጎብጥ የማይሰበር መሆን ስላለበት ውፍረቱ በብልሃት ተወስኗል። የሚነሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ 10 ሳንቲሜትር፥ ለትንሽ የቤት መኪና 25 ሳንቲሜትር ያህል፥ ለትልቅ የጭነት ፒክአፕ 33 ሳንቲሜትር ያህል የጠራ ግግር እንዲኖር ይመክራል። አመዳይ ተቀላቅሎበት የነጣው ግግር እጥፍ ሊወፍር ይገባዋል። ከሁሉም በላይ ፍጹም የሚታመን ግግር እንደሌለ መሥሪያ ቤቱ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። አክስቴ ከዚህ ወዲያ በስልክ የሚጠይቁት «ቀዘቀዘህ ወይ?» ብለው ሳይሆን «ስንት ሳንቲሜትር ሆነ?» ብለው ነው።

ውፍረቱ በቅቶም መኪና የሚሰጥምበት ጊዜ አለ። ይህን ያስተማረው የላዶጋ ሐይቅ ነው። በ1941 የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን፥ ማለት የዛሬዋን ሴንት ፒተርስበርግን፥ በከበበ ጊዜ ከተማዋ እህል አጥታ ሕዝቧ በረኀብ ያልቅ ነበር። የቀረው በር የላዶጋ ሐይቅ ብቻ ሆነ። በኖቬምበር 1941 በመጀመሪያ ፈረሶች የሚጎትቷቸው ተንሸራታቾች፥ ወዲያውም አንድ ቶን ተኩል የሚጭኑ ካሚዮኖች በስሱ ግግር ላይ ተሰለፉ። ሾፌሮቹ ግግሩ ቢከዳቸው ለመዝለል በራቸውን ከፍተው ይነዱ ነበር ይባላል። ብዙ ካሚዮኖች ሰጠሙ። ይሁን እንጂ እስከ አፕሪል 1942 ድረስ ከ360 ሺ ቶን በላይ ጭነት ገባ፤ ከ500 ሺ የሚበልጥ ሰውም ከከተማዋ ወጣ። መንገዱም የሕይወት መንገድ ተባለ። እኔ ስለ ጦርነት ካነበብሁት ሁሉ እንደዚህ ያለ ልብ የሚነካ የሾፌር ሥራ አላገኘሁም።

በዚያን ጊዜ ፓቬል ኮቤኮ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር የግግሩን መጉበጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተው በሐይቁ ላይ ተከሉ። የተገኘውም ነገር የሚከተለው ነው። መኪና ሲሄድ ከግግሩ ሥር በውኃው ላይ ሞገድ ይነሣል። ሞገዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ የራሱ ፍጥነት አለው፤ የስበትን ፍጥነት ጭማሪ በጥልቀቱ አባዝቶ ስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። ጥልቀቱ 10 ሜትር ቢሆን 9.8 ሲባዛ በ10፥ ስኩዌር ሩቱ በሰከንድ 9.9 ሜትር ይሆናል፤ ይህም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ 5 ሜትር ቢሆን 25 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው በዚህ ፍጥነት ከሄደ ሞገዱ ሳይቀድመው ሳይቀርም አብሮት ይጓዛል፤ በዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በየጊዜው ሲገፋ ከፍ ከፍ እንደሚል ሁሉ፥ ሞገዱም እያደገ ግግሩን ከሥር ይሰብረዋል። በላዶጋ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ አደገኛ ሆኖ ተገኘ። ይህን የመሰለ ስሌት በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሠራ መሆኑ ደስ ያሰኛል።

ዛሬም በካናዳ ሰሜን ከቲቢት ወደ ኮንትዎይቶ በሚወስደው፥ አብዛኛው በሐይቆች ላይ በሚያልፈው የክረምት መንገድ የተጫኑ ካሚዮኖች በግግሩ ላይ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ ታዝዟል። ኢስቶንያ ውስጥ ወደ ሒዩማ ደሴት በሚወስደው የባሕር ግግር መንገድ ደግሞ የመቀመጫ ቀበቶ ማሰር ክልክል ነው፤ ሰው ቶሎ መውጣት እንዲችል። ቀበቶ ያላሰረውን የሚቀጣ ሕግ ላለን ለእኛ ይህ ያስቃል።

ይህ ሁሉ አደጋ እያለ ሰዎቹ ለምን ይወዱታል? ሚነሶታ ክረምቱ የዋዛ አይደለም፤ በሚኒያፖሊስ ከተማ የጃንዋሪ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በታወር አጠገብም በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ተመዝግቧል። በ1885 አንድ የምሥራቅ አሜሪካ ጋዜጠኛ ሴንት ፖልን ሌላ ሳይቤርያ ናት፥ ለሰው መኖሪያ አትሆንም ብሎ ቢጽፍ፥ የከተማዋ ሰዎች በማግስቱ ዓመት ከግግር ጡብ ቤተ መንግሥት ሠርተው የክረምት በዓል በማክበር መለሱለት። በዓሉ እስከ ዛሬ አለ። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክረምቶች ከሥራ ወደ ቤት፥ ከቤት ወደ ሥራ ሲል በትካዜ አሳለፋቸው። በሦስተኛው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባው ሚል ላክስ ወደሚባለው ሐይቅ ወሰደው። ግግሩን በመሰርሰሪያ በሱት፤ በቀዳዳው አጠገብ ትንሽ ቤት ውስጥ ምድጃ አንድደው ተቀመጡ፤ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ አፈሉ። ከሐይቁ መካከል የሚሰማው ዝምታ መርካቶ ለተወለደ ሰው ያስፈራል ይላል፤ ማታ ግን ብርዱ ሲጸና ግግሩ ስንጥቅ እያወጣ እንደ በሬ ያጓራል፤ አገሬው ይህን ሲሰማ ግግሩ እየጠነከረ ነው ብሎ ይደሰታል። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ጫማና ጓንት ገዛ፤ ብርዱንም መስደብ ተወ። ከብርድ ጋር መታረቅ በልብስ ይጀምራል የሚለው የእርሱ አባባል ነው፤ እኔም አምኜበታለሁ። ደግሞ ብርድ ለኢትዮጵያዊ አይሆንም የሚል ካለ፥ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቶሪኖ፥ በ2010ም በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ የአገራችንን ባንዲራ ይዞ በአመዳይ ላይ በስኪ መወዳደሩን ያስታውስ።

አሁን ሐይቁ አልሸከምም ወደሚልበት ወራት ልመለስ። ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት፥ ከሥሩ ምንጭ ባለበት፥ በድልድይም ሥር ውኃው ስለሚንቀሳቀስ ግግሩ በጥር እንኳ ስስ ነው። የሚያታልለው ግን የመጋቢት ግግር ነው። ግግር ከላይ እስከ ታች ቆመው ከተጣበቁ ረጃጅም ብልጭልጭ ዘንጎች የተሠራ ነው፤ የመጋቢት ፀሐይ ገብታ በዘንጎቹ መካከል ያለውን መጣበቂያ ታቀልጠዋለች። ያን ጊዜ ውፍረቱ ሲለካ ግማሽ ሜትር ቢሆን እንኳ ክሩ እንደ ተፈታ የጧፍ እስር ይበታተናል። በጥር ካሚዮን የተሸከመው ውፍረት በመጋቢት መጨረሻ ልጅ አይሸከምም። ስለዚህ የሚነሶታ ሕግ በሐይቅ ላይ የተተከሉ ቤቶች በደቡቡ ክፍል እስከ ማርች የመጀመሪያ ሰኞ፥ በሰሜኑ እስከ ሦስተኛው ሰኞ ድረስ እንዲነሡ ያዝዛል። የአክስቴም ልጅ ከቀኑ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መኪናዋን ወደ የብስ ያወጣታል።