ትምህርት ዐሥራ ሁለት፤ ቦዝ አንቀጽና ማሠሪያ አንቀጽ በትረካ ውስጥ

ሀ. መግቢያ

ትረካ ማለት አንድን ድርጊት ከመነሻው እስከ መድረሻው በቅደም ተከተል የሚያቀርብ የድርሰት ዐይነት ነው። ትረካ ለመጻፍ የግድ የጦርነት ወሬ ወይም ረዥም ጕዞ አያስፈልግም። ባልና ሚስት ከቤታቸው ወጥተው፣ ራት በልተው፣ ጀላቲ ቀምሰው የተመለሱበት አንድ ምሽት ይበቃል። ዋናው ነገር ድርጊቶቹ በሥርዐት መያያዛቸው ነው። በአማርኛ ይህን የማያያዝ ሥራ ከሚሠሩት ቃላት መካከል ቦዝ አንቀጽ ከፍ ያለ ቦታ አለው።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ መጀመሪያ በጸጥታ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

የሐሙስ ምሽት

ባልና ሚስቱ ልጆቻቸውን ለአያታቸው ዐደራ ሰጥተው ከቤት ወጡ። የተጋቡበት ዐሥረኛ ዓመት የዋለው ረቡዕ ነበር፤ ነገር ግን ረቡዕ ጾም በመሆኑ ክትፎውና ጀላቲው እንዳይቀርባቸው ግብዣውን ወደ ሐሙስ አዛውረውት ነበር። ቀኑን የቆረጡት በደስታ ነበር። ሰኞ ማታ ግን ተጣሉ። ሚስት ያቋረጠችውን ትምህርት በማታው ክፍለ ጊዜ ለመቀጠል ተመዝግባ ደረሰኙን ስታሳየው፣ ባል «ሳታማክሪኝ!» ብሎ በልጆቹ ፊት ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ «ቡና ፈላ»፣ «በሩን ዝጋ» ከሚለው በቀር ንግግር አልነበረም።

ከአራት ኪሎ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ፒያሳ አመሩ። አንድ ምግብ ቤት ገብተው ክትፎና ጥብስ አዘዙ። አስተናጋጁ እጃቸውን አስታጥቦ ትሪውን አቀረበ። ባል ክትፎውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሣት። እርስዋም በሰው ፊት እንዳታሳፍረው ተቀበለችው። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባላልና ሁለተኛውን ደገመላት፤ ፊቷ ግን አልተፈታም።

ራታቸውን ጨርሰው፣ ሒሳብ ከፍለው፣ መንገዱን ተሻግረው ጀላቲ ቤት ገቡ። ጀላቲው በብርጭቆ ቀረበላቸው። ባል ማንኪያውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ሰኞ ዕለት ተቆጥቼ...» ብሎ ዝም አለ።

ሚስት ጠበቀች። ጀላቲው ከዳር ከዳሩ ይቀልጥ ጀመር።

«ተቆጥተህ ምን?» አለችው።

«ተቆጥቼ በልጆቻችን ፊት አዋረድሁሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ትምህርቱን አልጠላሁም፤ ማታ ማታ ቤቱ ያላንቺ እንዴት እንደሚሆን ፈርቼ ነው።»

«እኔም ሳልነግርህ መመዝገቤ ልክ አልነበረም» አለች፤ «እንቢ ትለኛለህ ብዬ ነው።»

«እንግዲህ በትምህርትሽ ቀን ራቱን እኔ እሠራለሁ።»

«ሽሮውን ሳታሳርረው?» ብላ ሣቀች።

የቀለጠውን ጀላቲ እንደ ወተት ጠጥተው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሐ. የቃላት ማብራሪያ

ጀላቲ፦ ወተትና ስኳር እየተማታ በቅዝቃዜ የሚረጋ ጣፋጭ ምግብ፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ፒያሳ፦ በጣሊያንኛ «አደባባይ» ማለት ነው። ቀድሞ አራዳ ይባል የነበረው ሠፈር ይህን ስም ያገኘው ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በቈየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው።

ጉርሻ፦ በፍቅር ወይም በአክብሮት ለሌላ ሰው የሚሰጥ አንድ ጊዜ የሚጎረስ ምግብ።

ፊቱ ተፈታ፦ ኵርፊያው ለቀቀው።

መ. ሰዋስው

ቦዝ አንቀጽ ድርጊትን ይገልጻል እንጂ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አያስርም። ዐረፍተ ነገሩን የሚያስረው በመጨረሻ የሚመጣው ማሠሪያ አንቀጽ ነው። «ራታቸውን ጨርሰው፣ ሒሳብ ከፍለው፣ መንገዱን ተሻግረው ጀላቲ ቤት ገቡ» በሚለው ውስጥ ጨርሰው፣ ከፍለው፣ ተሻግረው ቦዝ አንቀጾች ሲሆኑ፣ «ገቡ» ማሠሪያ አንቀጽ ነው። ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች ልብ በሉ።

1. ቦዝ አንቀጽ በባለቤቱ ይረባል፤ በልቼ፣ በልተህ፣ በልተሽ፣ በልቶ፣ በልታ፣ በልተን፣ በልታችሁ፣ በልተው።

2. የራሱ የሆነ ጊዜ የለውም፤ ጊዜውን ከማሠሪያው ይቀበላል። «በልታችሁ ወጣችሁ»፣ «በልታችሁ ትወጣላችሁ»፣ «በልታችሁ ውጡ» የሚሉትን አነጻጽሩ። ቦዙ አልተለወጠም፤ ጊዜው ግን ተለውጧል።

3. አሉታው የሚነገረው በ«ሳይ» ነው። «ነግሬህ» ለሚለው አሉታው «ሳልነግርህ»፣ «አማክረሽኝ» ለሚለው ደግሞ «ሳታማክሪኝ» ነው።

4. «ነው» ወይም «ነበር» ሲከተለው ዐረፍተ ነገርን ሊዘጋ ይችላል፤ «አዛውረውት ነበር» እንደሚለው።

አሁን ወደ ባልየው ንግግር እንመለስ። «ሰኞ ዕለት ተቆጥቼ...» ሲል ዐረፍተ ነገሩ በእንጥልጥል ቀርቷል። መቈጣቱን ሚስቱ አስቀድማ ታውቃለች፤ ያልሰማችው ተቈጥቶ ያደረገውን ነው። «ተቆጥተህ ምን?» ብላ የጠየቀችው ማሠሪያውን ነው። «አዋረድሁሽ» የሚለው ቃል ሲወጣ ዐረፍተ ነገሩም ታሰረ፣ ይቅርታውም ተጀመረ። ከዚህ እንደምንረዳው የዐረፍተ ነገር ሸክም ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በማሠሪያው ላይ ነው። ስለዚህ በድርሰታችሁ ውስጥ ቦዝ በቦዝ ላይ እየደረደራችሁ አንባቢውን አታድክሙ። ሦስት ወይም አራት ድርጊት ካያያዛችሁ በኋላ ዐረፍተ ነገሩን አስራችሁ ሌላ ጀምሩ።

ሠ. መልመጃ

1. በምንባቡ የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ቦዝ አንቀጾችና ማሠሪያ አንቀጽ ለይታችሁ ጻፉ።

2. የሚከተሉትን ቦዝ አንቀጾች ወደ አሉታ ለውጡ፤ ሀ) ከፍላ  ለ) ተሻግረን  ሐ) ጠይቀሽው።

3. የሚከተሉትን በአንድ ዐረፍተ ነገር አያይዙ፤ አስተናጋጁ መጣ። ሰላምታ ሰጠ። ትእዛዝ ተቀበለ። ሄደ።

4. ሚስት የመጀመሪያውን ጉርሻ የተቀበለችው ለምንድን ነው? ይህ ስለ ጠባይዋ ምን ያስረዳል?

5. ባል ወይስ ሚስት አጠፋ? ወይስ ሁለቱም? ምክንያታችሁን ከምንባቡ ጠቅሳችሁ ተወያዩ።

ረ. ድርሰት

ከተጣላችሁት ሰው ጋር በአንድ ማዕድ የተቀመጣችሁበትን ጊዜ አስታውሱና ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ትረካ ጻፉ። የጠባችሁን ምክንያት በአጭሩ ግለጹ፤ ዕርቁ እንዴት እንደ መጣ ግን ዘርዝሩ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ከእያንዳንዱ ማሠሪያ አንቀጽ ሥር አስምሩ። ማሠሪያ ያጣ ዐረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሳትፈጽሙት አትለፉ።