ቤቱን በክረምት እየው

አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ የሚሸጥ ቤት አይቶ የመጣ ወጣት፣ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡና ግድግዳ ሲያቆሙ የኖሩትን አጎቱን ሊያማክር ገባ።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ቤቱ ልቤን ወስዶታል። ደጁ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ በአልዩ አምባ በኩል ያለው ቆላ ወለል ብሎ ይታያል።

ሽማግሌው፦ በጥር ፀሐይ የማያምር ቤት የለም፣ ልጄ። ሐምሌ ሲገባ ያን ቆላ ጉም ይሸፍነዋል። ከበላይ የሚመጣው ጎርፍ በየት በኩል ነው የሚወርደው?

ወጣቱ፦ እሱን አላየሁም።

ሽማግሌው፦ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነበር። ቆርቆሮው ይቀየራል፣ ጭቃው ቢረግፍ ይመረጋል፤ የቆመበትን መሬት ግን ምንም አታደርገውም። አጥሩን ተመልከት፤ ቋሚዎቹ ሁሉ ወደ ገደሉ ካዘነበሉ፣ ጽዱም ከሥሩ ጎብጦ ከወጣ፣ መሬቱ ቀስ እያለ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ግባና በሩን ዝጋው። አልገጥም ካለህ መዝጊያው አብጦ ይሁን ግድግዳው ተንሻፎ ለይ። ከመስኮቱ ጥግ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካገኘህ ጣትህን አስገባበት። እኔ አንድ ጊዜ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አይቼ «ደኅና ነው» ብዬ መሰከርኩ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ለሁለት ተሰነጠቀ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ወጣቱ፦ በ2017ቱ መንቀጥቀጥ ግን ምንም አልሆነም ይላሉ።

ሽማግሌው፦ የፈንታሌው? መቆሙ መልካም፤ ግን ዋስትና አይሆንህም። የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 በካራ ቆሬ በኩል ሲንቀጠቀጥ ማጀቴ ፈርሳ ነበር። ድንጋዩ በምን እንደተያያዘ፣ ማዕዘኑ ላይ እርስ በርሱ መነካከሱን እይ።

ወጣቱ፦ ወረቀት እንኳ አለው።

ሽማግሌው፦ የምን ወረቀት? ካርታ ነው ወይስ ሁለት ምስክር የፈረመበት የመንደር ውል? መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምትገዛው ቤቱን ነው። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከማዘጋጃ ቤት አረጋግጥ። ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያዛል። ቦታው የእርሻ መሬት ከሆነ ግን ብርህን ከኪስህ እንዳታወጣ።

ወጣቱ፦ ታዲያ የቦታው ማማር ዋጋ የለውም?

ሽማግሌው፦ አለው እንጂ! እኔም ስለምወደው ነው እዚሁ ያረጀሁት። ግን ለምን እንደምትገዛው እወቅ። ነገሥታቱ አንኮበርን የያዙት ጠላት በቀላሉ የማይወጣው ተራራ ስለሆነ ነው። ምኒልክ ግዛታቸው ሲሰፋ ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ እንጦጦ በብርድና በማገዶ እጦት ሲያስቸግር ወደ ፍልውሃው ወረዱ፤ አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች። አንተ ሥራህ ደብረ ብርሃን ነው። 40 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጠዋት ማታ፣ በዚያ ዳገትና ጉም! ባለቤትህ አይታዋለች?

ወጣቱ፦ አላየችውም። ውሃ ግቢው ድረስ ይመጣል ወይ፣ ጤና ጣቢያውስ ምን ያህል ይርቃል ብላ ጠይቃኛለች።

ሽማግሌው፦ ከአንተ ይልቅ እሷ ቤቱን አይታዋለች። ቀብድ ሰጠህ?

ወጣቱ፦ ገና ነው። ሌላ ገዢ እንዳይቀድመኝ ግን እፈራለሁ።

ሽማግሌው፦ እስከ ክረምት መጠበቅ ካልቻልክ ቅዳሜ ይዘሃት ና። እኔ ምሰሶውን ከግርጌው በበትሬ እያንኳኳሁ እሰማዋለሁ፤ እናንተ ከታች ያለችውን ጎረቤት ጠይቁ። ባለፈው ነሐሴ ውሃው በማን ደጅ እንደገባ እሷ ታውቃለች።