ባለ ሁለት መስተዋት መስኮት ከማዘዝ በፊት

የቤቱን አሮጌ የብረት መስኮት አስነቅሎ በአዲስ ለመተካት የሚመጣ ደንበኛ ባለሱቁን የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቀለሙና ስለ ዋጋው ነው። ወደ ውጭ አገር ፋብሪካ የሚላከውም የዋጋ መጠየቂያ ደብዳቤ ከቁመት፣ ከወርድና ከቀለም በቀር ሌላ ነገር የያዘ እምብዛም አይገኝም፤ ይህን የምለው እንዲህ ያለው ደብዳቤ በየጊዜው በእጄ ስለሚያልፍ ነው። ይሁን እንጂ የመስኮት ሙቀት ጠባቂነት በቁጥር የሚለካ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ጠይቆ መግዛት የአስመጪው ፈንታ ነው።

ቁጥሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዩ ቫሊዩ የሚባለው ሲሆን፣ ይኸውም በመስኮቱ በኩል የሚያመልጠውን ሙቀት ያመለክታል፤ ባነሰ መጠን ይሻላል። ነጠላ መስተዋት 5.8 ያህል፣ ተራው ባለ ሁለት መስተዋት 2.8 ያህል ነው፤ በዓይን የማይታይ ስስ የብረት ቅብ ያለበትና መካከሉ በአርጎን ጋዝ የተሞላው እስከ 1.1 ይወርዳል። ይህ ግን የመስተዋቱ ብቻ ነው። አሉሚኒየም ከፒቪሲ ይልቅ ሙቀትን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል አብልጦ ስለሚያስተላልፍ፣ የክፈፉን ውስጥና ውጭ የሚለይ ፕላስቲክ በመካከሉ ካልገባበት የመስተዋቱ ጥቅም በክፈፉ በኩል ይባክናል።

ሁለተኛው ቁጥር ከፀሐይ ሙቀት ምን ያህሉ ወደ ቤት እንደሚገባ ይነግራል። ንጹሕ ነጠላ መስተዋት 0.86 ያህሉን ያስገባል፤ ለፀሐይ መከላከያ የተቀባው ከ0.4 በታች የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለድሬዳዋ ቤት ትንሹ ቁጥር ይመረጣል፤ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ላይ ግን አስቀድሞ ከውጭ ጥላ ማሠራት ይበጃል። የአዲስ አበባ ቤት አብዛኛው ማሞቂያ የለውም፤ የበጋው ሌሊትም ይበርዳል። ስለዚህ በደቡብ መስኮት የምትገባው የበጋ ፀሐይ ምድጃው ናት። ለጌጥ ሲባል ፀሐይ የሚከለክል መስተዋት ለዚህ ሰው መሸጥ ብርድን በገንዘብ መሸጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የከፍታ ነገር ነው። ባሕር ጠረፍ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ባለ ሁለት መስተዋት በውስጡ የዚያን አገር አየር ግፊት ይዞ ይመጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ግን የውጭው ግፊት በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ መስተዋቱ ወደ ውጭ ይነፋል። ትልቁ መስተዋት ጎበጥ ብሎ ይችለው ይሆናል፤ ትንሹና ጠባቡ እንደ ልብ ስለማይታጠፍ የመሰንጠቁ አደጋ ይብሳል። ማሸጊያው ከተላቀቀም እርጥበት ገብቶ በመካከሉ ጉም ይሠራል፤ ጉሙንም ማንም ጠርጎ አያጠራውም። ስለዚህ መስኮቱ የሚተከልበት ከፍታ በትእዛዙ ላይ ይጻፍ፤ ፋብሪካውም ግፊቱን የምታስተካክል ቀጭን ቱቦ እንዲያገባ ይጠየቅ። ቱቦዋ ክፍት ሆና የምትቀር ከሆነ አርጎኑ በእርስዋ በኩል ስለሚያመልጥ ለጋዙ ተጨማሪ ዋጋ መክፈል አያስፈልግም። እዚሁ አዲስ አበባ ታሽጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውም በተቃራኒው ወደ ውስጥ ይጎብጣል።

ዕቃው ሲደርስ ቅቡ መኖሩን ለመመርመር ሻማ አብርቶ በመስተዋቱ ፊት መያዝ ነው። አራት የነበልባል ምስሎች ይታያሉ፤ አንዱ ቀለሙ ከሌሎቹ ከተለየ ቅቡ በዚያ ገጽ ላይ አለ። ለቆላ አገር ቅቡ ከውጭ ሲቆጠር በሁለተኛው ገጽ ላይ ይሁን።

አሮጌው ክፈፍ ያልዛገና ያልተጣመመ እንደሆነ ግን፣ የደረቀውን ስቱኮ አስነሥቶ በመዝጊያው ዙሪያ ጎማ ማስገባት የሌሊቱን ነፋስ በጥቂት ወጪ ያቆማል። ለእንዲህ ያለው ደንበኛ ጎማውን መሸጥ ይበቃል።