ለሕፃን ልጅ ቲክቶክ ይከፈትለት ወይ?

በዚህ ዕትም የምናጠናው ርዕስ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ አይደለም። አንዲት እናት ከክፍል በኋላ በር ላይ ጠብቀው ያቀረቡልኝ ጥያቄ ነው። «መምህር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ቲክቶክ ክፈቺልኝ እያለች ታለቅሳለች። የጎረቤት ልጆች አላቸው። ቤታችን ያለው ስልክ አንድ ብቻ ነው፤ አባቷም ከሳዑዲ የሚደውለው በእሱ ነው። ስልኩን ብከለክላት ከአባቷ የለየኋት ይመስላታል። ምን ላድርግ?» አሉኝ። ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ አሁን ልሞክር።

በመጀመሪያ በአንድ ስልክ ውስጥ ያሉትን ሁለት ነገሮች እንለይ። በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ከአባት ጋር መነጋገር እቤት ቁጭ ብሎ ከሚያውቁት ሰው ጋር እንደ መጫወት ነው። ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ኢንስታግራም ግን ገበያ መካከል እንደ መቆም ናቸው፤ ማን እንደሚያይ፣ ማን እንደሚከተል አይታወቅም። ይህን ልዩነት እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት። የአውስትራሊያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ዕድሜው 16 ያልሞላ ልጅ በእነዚህ ገበያዎች አካውንት ሊኖረው አይችልም። ዋትስአፕን የመሰሉ መልእክት መለዋወጫዎች ግን በክልከላው ውስጥ አልገቡም። ቅጣቱም፣ ልብ በሉ፣ በልጁ ወይም በወላጁ ላይ ሳይሆን በኩባንያው ላይ ነው፤ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል።

እኛ የምንኖረው አውስትራሊያ አይደለም። ታዲያ ለእኛ ልጆች ምን ደንብ አለ? ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያስቀመጡት ዝቅተኛ ዕድሜ 13 ነው። ይህ ቁጥር የመጣው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ካወጣችው ሕግ ነው። ሕጉ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጅን የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ስለሚከለክል፣ ኩባንያዎቹ ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ «ከ13 በታች አይገባም» ማለትን መረጡ። ስለዚህ 13 የተባለው ልጅ በዚያ ዕድሜ ይበስላል ተብሎ በሐኪም ተመርምሮ አይደለም። በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የልጅን መረጃ ለመጠቀም የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠይቃል።

ተማሪዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ የትውልድ ዓመታችሁን ዋሽታችሁ እንደከፈታችሁ አውቃለሁ። ለቁጣ አይደለም የማነሣው፤ ውሸቱ የሚያስከትለውን እንድታውቁ ነው። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች የሆነን ልጅ አካውንት ከመነሻው ዝግ ያደርገዋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቪዲዮውን አያይም፤ በግል መልእክትም ሊጽፍለት አይችልም። የአሥር ዓመቷ ልጅ «የተወለድኩት በ2000 ነው» ብላ ከጻፈች ግን ማሽኑ ትልቅ ሰው ናት ብሎ ያምናታል፤ አጥሩም ይነሣል።

ሌላው ነገር ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። ፊልም ያልቃል፣ መጽሐፍም ያልቃል። ይህ ግን በጣት በተገፋ ቁጥር ሌላ ያመጣል፤ ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው በመካከል ከሚያሳየው ማስታወቂያ ነውና እንድንቆም አይፈልግም። ትልቅ ሰው እንኳ ሽሮው እስኪያርበት ድረስ ያያል። (የእኔ ሽሮ አርሯል።)

ከሁሉ ይልቅ ግን በእኛ በስደተኞች ላይ የሚብሰውን ልናገር። አገር ለቅቆ የመጣ ሁሉ በአንድ ምክንያት አልመጣም። ካለበት እንዳይታወቅ የሚፈልግ አባት አለ፤ ከቤተሰብ ተደብቃ የምትኖር እናት አለች። ልጅ በራፍ ላይ ቆማ ስትጨፍር በተነሣችው ቪዲዮ ከኋላዋ የብሎኩ ቁጥር፣ የትምህርት ቤቱ ሰሌዳ፣ የጎረቤት ፊት ይታያል። ልጅቷ የምታስበው ጭፈራውን ብቻ ነው። እኛ ትልልቆቹም ከዚህ ነፃ አይደለንም፤ የልጃችንን የምስክር ወረቀት ከነስሙና ከነትምህርት ቤቱ የምንለጥፈው ማን ሆነና?

ደግሞም «ካናዳ እናስገባለን፣ ይህን ያህል ላኩ» የሚሉ ሰዎች በእነዚህ ገጾች ላይ ይመላለሳሉ። የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. አገልግሎት ሁሉ፣ ወደ ሦስተኛ አገር መሄድም ጭምር፣ በነፃ ነው፤ ገንዘብ የጠየቀ አታላይ ነው። ልጅ ግን ይህን ሲያነብ ቤተሰቡን ያወጣ መስሎት የእናቱን የመዝገብ ቁጥር ሊልክ ይችላል። በደግነት ነው የሚልከው።

እንግዲህ ለእኚያ እናት መልሴ ይህ ነው። ከአባቷ ጋር ትነጋገር፤ ያንን አይንኩባት። የራሷ አካውንት ግን 13 ዓመት ሳይሞላት አይከፈትላት። ቪዲዮ ካማራት በእርስዎ ስልክ፣ አጠገብዎ ተቀምጣ፣ ሰዓቱ ታውቆ ትይ። ለምን እንደከለከሉም ይንገሯት፤ «ስለማልፈልግ» የሚለው መልስ ልጅን ወደ ጎረቤት ስልክ ይሰዳል። ተደብቃ ከፍታ ቢያገኟት ደግሞ አይምቷት። የተመታ ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃል፤ የማያውቀው ሰው ራቁትሽን ፎቶ ላኪ ያላት ዕለት ለእናቷ አትናገርም። እኔ ከስልኩ ይልቅ የምፈራው ይህን ዝምታ ነው።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ ስልኩን የምታውቀው እሷ ናት» የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ በዚህ ነገር ልጆቻችን ቀድመውናል። ቢሆንም «ይህ ሰው ማነው? የት አወቅሽው?» ብሎ ለመጠየቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

የቤት ሥራ (ከ5ኛ ክፍል በላይ)። ከወላጃችሁ ወይም ከአሳዳጊያችሁ ጋር ሆናችሁ በቤታችሁ ስልክ ውስጥ ካሉት አካውንቶች አንዱን ክፈቱ። የተመዘገበው የትውልድ ዓመት ስንት ነው? የምትለጥፉትን ማን ማየት ይችላል? ከሚከተሏችሁ መካከል በአካል የማታውቁት ስንት ነው? የመጨረሻዎቹን አምስት ፎቶዎች እዩና ከኋላ የሚታየውን ጻፉ። ስልክ የሌላችሁ፣ ወላጆቻችሁ በልጅነታቸው ከቤት ርቀው እንዲጫወቱ የሚፈቀድላቸው እስከ የት እንደነበር ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። የአካውንቱን ስምና የይለፍ ቃሉን ወረቀቱ ላይ እንዳትጽፉ። ወረቀቱን ሰኞ ታመጣላችሁ።