በድንገት የሞተ ከብት አይከፈትም፤ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል!

በበጋው መጨረሻ ሣሩ ሲያልቅ ከብቶች መሬት ለመሬት ይግጣሉ፤ ከአፈሩ ጋር የአባሰንጋን ጀርም ሊውጡ ይችላሉ። ጀርሙ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ጎንደር ከተማ ሆናችሁ ዳባት፣ ደባርቅ ወይም ጃናሞራ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውሉና ይህን ንገሯቸው።

✅ ምልክቱ፦ ማታ ደህና የነበረ በሬ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ሆዱ ቶሎ ይነፋል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወጣል።

❌ «ሳይሞት ካራ ይድረስበት» ብሎ የታመመውን ማረድ፣ የሞተውን መግፈፍ፣ ሥጋውን መካፈል አይቻልም። የበሬ ዋጋ እንደሚያንገበግብ እናውቃለን። ግን በድኑ ሲከፈት ጀርሙ አየር አግኝቶ ይጠነክራል፤ ተራ ማብሰል አይገድለውም።

✅ ምን ይደረግ? ውሻና አሞራ እንዳይነካው ጠብቁ፤ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። በእሱ ምክር በጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል።

✅ ሰው ላይ፦ የነካው ሰው መሀሉ የጠቆረ፣ ሕመም የሌለው ቁስል ካወጣ፣ ወይም የበላው ሰው ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይሂድ። ከብቱን መንካቱን ወይም መብላቱን ለሐኪሙ ይንገር። በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው።

ጤነኞቹን ከብቶች በየዓመቱ ወቅቱ ሳይደርስ አስከትቡ። ሼር አድርጉ!