የነግህ ሰዓትና የሥራችን ቅደም ተከተል



በአገራችን አቆጣጠር የቀኑ ሰዓት የሚጀምረው ከፀሐይ መውጣት ነው። ጎህ ሲቀድ 12 ሰዓት ይሆንና ከዚያ 1 ብለን እንቆጥራለን። ቤተ ክርስቲያናችንም ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት የማለዳውን ነግህ ትለዋለች፤ ሠለስት በ3፣ ቀትር በ6፣ ተሰዓት በ9 ሰዓት ይከተላሉ። እንግዲህ ጠዋት ምን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤላውያን መናውን በየማለዳው ይለቅሙ እንደ ነበር፣ ፀሐይ ሲበረታም ይቀልጥ እንደ ነበር ተጽፏል። ያረፈደ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ግልጽ ነው። ነገር ግን ማልዶ መነሣት ብቻውን አይበቃም። በምዕራፍ 18 ሙሴ ሕዝቡን ሊዳኝ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጥ ነበር። ሙሴ ሰነፍ አልነበረም፤ የጎደለው ከባዱን ከቀላሉ መለየት ነበር። አማቱ ዮቶር ከባዱን ነገር ራሱ እንዲይዝ፣ ቀላሉን ለአለቆች እንዲተው መከረው። ጌታችንም በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ገና ሌሊት ሳለ ወጥቶ ለብቻው ጸለየ፤ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉም ይፈልጉሃል ባሉት ጊዜ ግን ወደሚፈልጉት ሰዎች አልተመለሰም፣ ወደ ሌሎቹ መንደሮች ሄደ።

እኛ ተማሪዎች ግን 11 ሰዓት ተነሥተን እስከ 1 ሰዓት ቴሌግራም ስናገላብጥ እንገኛለን። (የሆሳዕና ብርድ ከብርድ ልብስ አላስወጣ ማለቱንም እናውቀዋለን!) የሚሻለው ማታ ከመተኛታችን በፊት የነገውን ሥራ በብጣሽ ወረቀት ጽፈን፣ ሳይሠራ ቢቀር ቀኑን የሚያበላሸውን አንዱን መለየት ነው። ጠዋት ከጸሎት በኋላ ስልክ ሳንነካ እርሱን እንጀምር። አእምሮ ሳይደክም የሚያስቸግረን የሂሳብ ጥያቄ ይሠራ፤ ማስታወሻ መገልበጥና ልብስ ማጠብ ለከሰዓት ይቆዩ።

ባለፈው ክረምት ይህንኑ በቡድናችን ሞክረን ነበር። 11 ሰዓት ተነሥቶ ጸልዮ እስከ 1 ሰዓት ማጥናት የሚል መርሐ ግብር አወጣን። ወንድሞች ከሞላ ጎደል ጠበቅነው። ሦስት እህቶቻችን ግን በሁለተኛው ሳምንት አቋረጡ፤ እኛም በመዝገባችን ላይ «ቸልተኞች» ብለን ጻፍን። በኋላ አንደኛዋን ብንጠይቃት እንዲህ ሆኖ አገኘነው። 10 ሰዓት ተኩል ትነሣለች፤ በጀሪካን ውሃ ትቀዳለች፤ የከብቱን አዛባ ጠርጋ ላም ታልባለች፤ ቆጮ ጋግራ ታናናሾቿን ታበላለች። እንሰት የሚፋቅበት ቀን ከሆነ ደግሞ እስከ ቀትር ከእናቷ ጋር ናት። እኛ ደብተር ስንገልጥ እርሷ አራት ሥራ ጨርሳ ነበር። ያበላናት ቁርስም የእነርሱ እጅ ሥራ ነው! ለካስ እኛ ማልደን ያጠናነው በሰው ማለዳ ኖሯል። ያን ቃል ከመዝገቡ ሰርዘን ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ቅደም ተከተል የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ማለዳው የራሱ መሆን አለበት። ይህን ሳንመለከት ለእህቶቻችን ስለ ጊዜ አጠቃቀም ማስተማራችን ባዶ ስብከት ነበር። ስለዚህ ውሃ መቅዳትና አዛባ መጥረግ በሳምንት ሦስት ቀን የወንድሞች ይሁን ብለን ተስማማን። ከእኛ አንዱ ጀሪካን ተሸክሞ ሲሄድ የሠፈሩ ልጆች ስቀውበታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን መሳቁን ተዉት። ሌላው ደግሞ እናቱ «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብለው ጀሪካኑን ስለ ነጠቁት እስካሁን አልተሳካለትም። ከሦስቱ እህቶች ሁለቱ ወደ ጥናቱ ተመልሰዋል።

የእንሰት ፍቆው ግን አሁንም በእነርሱው ላይ ነው። በሚመጣው እሑድ ከትምህርቱ በኋላ ስለዚህ እንነጋገራለን፤ ወንድሞች እንዳትቀሩ።